ለአሥረኛ ዓመት ሁለት ሌሊት፦ አንኮበር፣ ጓሳ ወይስ ደብረ ሊባኖስ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን አሥር ዓመት ይሞላናል። ሁለቱን ልጆች እናቷ ዘንድ ትተን፣ ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ተነስተን እስከ ሰኞ ጠዋት ለብቻችን መሆን እንፈልጋለን። ወዳጆቼ ሐዋሳ ወይ ቢሾፍቱ ሂዱ ይሉኛል። እኔ ግን እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንኮበርን፣ ጓሳንና ደብረ ሊባኖስን አንድ ላይ ላሳያት አስቤያለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ሰርፕራይዝ ነው። እሳት የሚነድበት ክፍል ባገኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ባለቤቴ ብርድ ሲበረታ የሚነሳባት ቀለል ያለ አስም አለባት። የምንሄደው በቪትዛችን ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ሦስቱን ቦታ በአንድ ጉዞ አይሞክሩት። አንዱን ይምረጡ፤ እሱም አንኮበር ይሁን። ዓርብ ማታ ሳይሆን ቅዳሜ ጠዋት ይነሱ፣ ቅዳሜንና እሑድን እዚያው ይደሩ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ይመለሱ። ክፍል ውስጥ እሳት ማንደድ የሚለውን ከሐሳብዎ ያውጡት። ለባለቤትዎም ዛሬውኑ ይንገሯት።

መጀመሪያ ካርታውን እናስተካክል። ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ። አንዱ እናንተ የምትኖሩበት፣ በአማራ ክልል ያለውና ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው ነው። ሌላው በኦሮሚያ ክልል ያለውና ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው ነው። አንኮበርና ጓሳ በመጀመሪያው፣ ደብረ ሊባኖስ በሁለተኛው ውስጥ ናቸው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ጎን ለጎን ያሉ ይመስለዋል። ደብረ ሊባኖስ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከደብረ ብርሃን የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 130 ኪሎ ሜትር ወርዶ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ለብቻው የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ከርቀቱ የሚበልጥ ምክንያትም አለ። ደብረ ሊባኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ገዳም ነው፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ምእመናኑ የተጨፈጨፉበት ምድር ነው። ሰው እዚያ የሚሄደው ሊሳለም፣ ሊጸልይ፣ ጠበል ሊጠመቅ ነው። ባልና ሚስት አብረው ሄደው አሥር ዓመት ስላቆያቸው አምላካቸውን ቢያመሰግኑ መልካም ነው፤ ያ ግን ስለት ወይም ሱባዔ ነው፣ የራሱ ዝግጅትና የራሱ አዳር አለው። ከጫጉላ ጋር አይደባልቁት። ሌላ ጊዜ ለብቻው ይሂዱለት።

ጓሳን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፤ በሰሜን ሸዋ ካሉት ቦታዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የመንዝ ሰገነት ነው። ጭላዳው በመንጋ ሣር ሲነጭ፣ ቀይ ቀበሮ ዓይጥ ፍለጋ አጎንብሶ ሲያደባ የሚታይበት ነው። ሕዝቡ ራሱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ ጓሳ ሣሩ የሚታጨድበትንና የሚከለከልበትን ዓመት እየወሰነ ጠብቆታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ሣር ዛሬም ቆሞ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን አልላክዎትም? ጓሳ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእናንተ ከተማ ቢቆጠር 135 ያህል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጣርማ በርን ከወጡ በኋላ ከደሴው መንገድ ተገንጥለው ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ የሚሄዱበት ጎዳና ለቪትዝ የሚመች አይደለም። ለሁለት ሌሊት የሄደ ሰው አንዱን ቀን በመሄድ፣ አንዱን በመመለስ ይጨርሳል። ማረፊያውም ቀላል ነው፤ የጥር ሌሊት እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ ያረጋል። ብርድ ደረቷን ለሚያፍናት ሴት የአሥረኛ ዓመት ስጦታ አድርገው ይህን አይስጧት። ጓሳን የሚገባው ሰው ሦስት ሌሊት ያለው፣ ከፍ ያለ መኪና የያዘ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ መዋል የሚፈልግ ነው። ልጆቹ ከፍ ሲሉ አራታችሁም ሂዱ።

ሐዋሳ ሂዱ ያሏችሁ ወዳጆች ክፋት የላቸውም፤ ሐይቅ የሌለው መዝናኛ መዝናኛ የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ የደረሰ ባል የመጀመሪያውን ማታ በእንቅልፍ ያሳልፋል። ቢሾፍቱ ይቀርባል፣ ግን በጥር ቅዳሜና እሑድ ሰርገኛው፣ ሙዚቃውና የፎቶ ሰልፉ ብዙ ነው። እናንተ የፈለጋችሁት ለብቻችሁ መሆን ነው።

አሁን ወደ አንኮበር። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁርሳችሁን ቤት በልታችሁ ብትነሱ ቡና ሳያመልጣችሁ ትደርሳላችሁ። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው አንኮበርን በትምህርት ቤት ጉዞ አንዴ አይቶ «አውቀዋለሁ» ይላል። በአንድ ቀን ወጥቶ የወረደ ሰው ግን ዋናውን አላየም፤ የአንኮበር ዋና ነገሯ ያለው ማለዳ ላይ ነው። ቦታው የደጋው ጫፍ ነው። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ለተቀመጠ ሰው፣ ፀሐይ ከፊቱ ሳይሆን ከበታቹ የምትወጣ ይመስለዋል። በመጀመሪያ የሩቁ ቆላ እንደ ዐመድ ግራጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ በሸንተረሮቹ መካከል የተኛው ጉም ጠርዝ ጠርዙ ይቀላል፤ ከዚያ ብርሃኑ እግራችሁ ሥር ካለው ገደል ላይ እየዘለቀ ፊታችሁን ይነካል። ከነካችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ይሞቃል። ይህን አብሮ ለማየት ከአንድ ቀን በፊት እዚያ ማደር ግድ ነው። ሁለት ሌሊት የምለውም ስለዚህ ነው፤ አንዱን ማለዳ ጉም ቢሸፍነው ሁለተኛው አለላችሁ።

ለዚህ ማለዳ አንድ ነገር አስቀድመው ይግዙ፤ የመንዝ ባና። ፋብሪካ ያመረተውን ብርድ ልብስ ማለቴ አይደለም፤ ከመንዝ በግ ጠጉር በእጅ የተፈተለውንና የተሸመነውን ነው። ክብደት አለው፣ አንገት ላይ ይኮሰኩሳል፣ ጤዛ ሲነካው የበጉ ሽታ ይመጣል። ግን ንፋስ አያሳልፍም። ለሁለት ሰው የሚበቃውን ሰፊውን መርጠው፣ ከጉዞው በፊት አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ አቧራው በደንብ ይራገፍ፣ ለአስም አቧራም ጠላት ነው። ሱፍ የሚያስነጥሳት ከሆነ ውስጡን በነጠላ ይሸፍኑት።

ታሪኩን ለሚወድ ሰው አንኮበር ኮረብታው ራሱ መጽሐፍ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ መቀመጫቸው ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 በሻለቃ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ የደረሰው እዚህ ነው። በ1836 ዓ.ም. እናንተ ጋ ቅርብ በሆነችው አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ፣ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. ሲመለሱ የሸዋን ዙፋን የያዙት በዚህ ነው። በኋላ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲዞሩ አንኮበር ጸጥ አለች። ከቤተ መንግሥቱ ዛሬ የቀረው የግንብ ቅሪት ነው፤ ትልቅ ሕንፃ ጠብቆ የሄደ ሰው ያዝናል። እኔ ግን ያንን ጸጥታ ነው የምሸጥልዎት።

ከኮረብታው ወደ ታች ሲያዩ አልዩ አምባ አለች። የድሮዎቹ ሲራራ ነጋዴዎች ከሐረርና ከታጁራ በኩል ጨውና ጨርቅ ይዘው የሚያርፉባት የገበያ መንደር ነበረች፤ በአካባቢዋ አርጎባዎች ይኖራሉ። እሑድን ወደዚያ ለመውረድ አስበው ከሆነ ቁልቁለቱን ብቻ ሳይሆን የመልሱን ዳገት አስቀድመው ያስሉ። ለእናንተ የተሻለው በእግር ትንሽ ዞር ዞር ብሎ፣ ወፍ ማየት ነው። በዚህ ተረተር ላይ የአንኮበርን ስም የያዘች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማትገኝ ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ከገደሉ ጫፍ ላይ መሬት መሬቱን ፍሬ ስትለቅም ትታያለች። ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና አናት የሚዘልቀው የወፍ ዋሻ ደንም አለ፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ከላይ ደግሞ አስታው። ደኑን በደንብ ለመግባት መንገድ መሪ መያዝና ግማሽ ቀን መመደብ ይፈልጋል። ባለቤትዎ ጥሩ ተንፍሳ ካደረች እሑድ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ጠርዙን ብቻ ያሳዩአት።

በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ስላለው ሎጅ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መኪና በሩ ድረስ አይደርስም፤ ከማቆሚያው ላይ ሆኖ የቀረው ዳገት በእግር የሚወጣ ነው። እግሩ ለጸና ሰው ምንም አይደለም። አስም ላለበት ሰው ግን ቀዝቃዛ አየር በፍጥነት እየሳበ ዳገት መውጣት አንዱ የማስነሻ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማታ አይድረሱ፤ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ ሳለ ይውጡ። ሻንጣውን ለሚሸከም ልጅ ይስጡ፤ እርስዎ ሁለት እጅዎን ባዶ አድርገው ከእሷ እርምጃ ጋር ይራመዱ። እያረፋችሁ ውጡ። ኢንሄለሯ በሻንጣው ሳይሆን በኪሷ ይሁን፣ ሁለተኛ መጠባበቂያም ይያዙ። ከጉዞው በፊት የሚከታተላትን ሐኪም አንድ ጊዜ አግኝታ፣ ብርድና ዳገት እንዳለበት ነግራ ትጠይቅ። «ባለፈው ወር ሌሊት እያስነሳኝ ነበር» የምትል ከሆነ ጉዞውን አዘግዩት።

አሁን እሳቱ። ጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ለብርዱ መድኃኒት ብለው ያሰቡት ነገር ለእሷ በሽታ ነው። የማገዶ ጭስ አስምን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች አንዱ ነው፤ በደንብ የማይስብ ጭስ ማውጫ ያለው ማንደጃ ክፍሉን ሌሊቱን ሙሉ በማይታይ ጭስ ይሞላዋል። ማንደጃ የሌላቸው ቤቶች ደግሞ እንግዳ ሲበርደው ከሰል አያይዘው በምድጃ ያስገባሉ። ይህ ለአስመኛ ብቻ አይደለም፣ ለጤነኛም ገዳይ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣል። ቆላ ላይ በርና መስኮት ክፍት ስለሆነ ይበተናል። ደጋ ላይ ብርዱን ፈርተን በሩን እንዘጋለን፣ መስኮቱን በጨርቅ እንወትፋለን። ጋዙ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የተኛ ሰው ታፈንኩ ብሎ አይነቃም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ይሰማዋል፤ ከዚያ ጨርሶ አይሰማውም። «ነጭ ዐመድ የለበሰ ከሰል አይጎዳም» የሚባለው ስህተት ነው። ጭሱ ስለጠፋ ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት በጥር ወር አዲስ ተጋቢዎችን ይዤ ደጋ ላይ ባለ አንድ ማረፊያ አድረን ነበር። ሠራተኞቹ ለእንግዳ ክብር ብለው፣ እኔ ሳላውቅ፣ የጋለ ከሰል አስገቡላቸው። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ሙሽራው ግድግዳ ይዞ መጥቶ በሬን መታ። አፉ ተሳስሮ ቃል ማውጣት አልቻለም፤ በእጁ ወደ ክፍላቸው አሳየኝ። ስገባ ሙሽሪት አልጋው ጠርዝ ላይ አስመልሷት ተደፍታለች፣ ብንጠራት አትመልስም። በባና ጠቅልለን ውጭ በረንዳ ላይ አወጣናት። ያ የሚያንዘፈዝፍ የሌሊት ንፋስ ነው ያዳናት፤ ሲነጋ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ክፍል ስይዝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ዋጋ ሆኖ አያውቅም። «ክፍል ውስጥ ከሰል ታስገባላችሁ?» ብዬ ነው የምጀምረው፤ አዎ ካሉኝም እንዳያስገቡ ቃል አስገብቼ፣ ማታ ላይ ራሴ እየዞርኩ አያለሁ።

ታዲያ እንዴት ይሞቃችሁ? ብርድ ልብስ በቁጥር ያስይዙ፤ ለአንድ አልጋ ስንት እንዳለ በስልክ ይጠይቁና ከዚያ በላይ ሁለት ያስጨምሩ። ሙቅ ውኃ ለዚሁ በተሠራ የጎማ ከረጢት ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማስገባት ከማንደጃ ይበልጣል። የሱፍ ካልሲና ኮፍያ ለብሶ መተኛት ነውር የለበትም። እሷ ስትወጣ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ወይም በስካርፍ ትሸፍን፤ የምትስበው አየር እንዲሞቅ ያደርጋል። እሳት ካማራችሁ ውጭ ግቢ ውስጥ የሚነደው አለ፤ ጭሱ ወደ ማይሄድበት ወገን ራቅ ብላችሁ ነበልባሉን ማየት ትችላላችሁ።

ክፍል ሲይዙ ስለ ሙቅ ውኃ «አለ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። «መብራት ሲጠፋ በምን ይሞቃል? ጄኔሬተር ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ይሁን ወይስ ወደ ግቢው፣ በዚያ ቅዳሜ ሰርግ ወይም ስብሰባ ይዘው እንደሆነ ይጠይቁ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ጸጥታ ፈልገው ሄደው ሌሊቱን የሰው ሙሽራ ሲጨፈር የሰሙ ጥንዶች አውቃለሁ። ቀብድ ሲከፍሉ መንገድ ቢዘጋ ገንዘቡ ይመለስ ወይም ለሌላ ቀን ይተላለፍ እንደሆነ በጽሑፍ ያስልኩ፤ አጭር የስልክ መልእክት ይበቃል። ለመንገዱና ለማረፊያው የሚበቃ ጥሬ ብር በእጅዎ ይኑር፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ የባንክ መተግበሪያ አይሠራም። የሁለታችሁንም መታወቂያ ይያዙ፤ ኬላ ላይም እንግዳ መቀበያው ላይም ይጠየቃል።

የምትጾሙ ከሆናችሁ ቀን መቁጠሪያውን አሁኑኑ ይክፈቱ። ጾመ ነነዌ የምትገባው ሁልጊዜ ሰኞ ነው፤ ከጥር 17 በፊት አትገባም፣ ከየካቲት 21 አታልፍም። ዐቢይ ጾምም ቀደም ሲል ከየካቲት 1 ጀምሮ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ጥር መጨረሻ» ያሉት ቅዳሜና እሑድ በአንዳንድ ዓመት ከነነዌ ወይም ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጋር ይጋጫል። ባለቤትዎ በጾም ወቅት ራሷን የምትጠብቅ ከሆነች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አበባና መብራት አሰናድተው ቀኑን ቢስቱት ሁለታችሁም ትሳቀቃላችሁ። ከተጋጨ ሳምንት አስቀድሙት። ጥር 21 የአስተርእዮ ማርያም ቀን ስለሆነ በዚያ ዙሪያ መንገዱም ማረፊያውም ሰው ይበዛበታል።

ሰርፕራይዙን ለምን ይተዉት እንዳልኩ ላስረዳ። ሁለት ልጆች ያሏት እናት በድንገት «ተነሽ፣ እንሂድ» ስትባል ፊቷ ላይ የሚታየው ደስታ ነው፤ ልቧ ግን የታናሹን መድኃኒት፣ የትልቁን የቤት ሥራ፣ እናቷ ጉልበቷን እንደሚያማት ያስባል። ሦስት ቀን ሙሉ እያሰበች ትሄዳለች። ከሳምንት በፊት የነገሯት ሴት ሁሉንም ቦታ ቦታ አስይዛ፣ ለራሷ የሚሞቅ ልብስ መርጣ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ተዘጋጅታ ትመጣለች። መጠበቁም የደስታው አካል ነው። የሚደበቅ ነገር ከፈለጉ ባናውን ይደብቁ። ለልጆቹ ደግሞ አንድ የስልክ ሰዓት ይወስኑ፣ ለምሳሌ ማታ 1 ሰዓት፤ ከዚያ ውጭ ስልኩ ይዘጋ። አያትየዋ ለድንገተኛ ነገር የሎጁን ስልክ ትያዝ።

ዓርብ ማታ አትነሱ ያልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው መንገዱ ጨለማና ጉም ያለበት፣ መታጠፊያው የበዛ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ጸጥታው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ግጭት እንዳለ እናንተም ከእኔ ባልተናነሰ ታውቃላችሁ፤ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ማክሰኞ ላይ የሰሙትን ይዘው ቅዳሜ አይውጡ። ዓርብ ማታ ሎጁን ይደውሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከመናኸሪያ ሄደው፣ በዚያው ማለዳ ከአንኮበር የገባ ሹፌር ያነጋግሩ። ሎጁ እንግዳ ስለሚፈልግ ብቻውን አይመኑት፤ ሹፌሩ ያየውን ነው የሚናገረው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ «ተዉት» ካለ ይቅር። «ቀብዱ ይቃጠላል» ብሎ የሚነሳ ሰው እንዳይሆኑ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አይገኙ፤ ሰኞም ረፋድ 3 ሰዓት ሳይሆን አይነሱ፣ ሰው የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ይሁን። እኔ ራሴ እንግዳ ይዤ ኬላ ላይ ደርሼ የተመለስኩባቸው ቀናት አሉ፤ የሚያናድድ ቢሆንም አንዱንም አልጸጸትበትም።

ብርዱ ለእሷ ከበዛ ሐኪሙም ደጋውን ካልወደደው፣ ሁለተኛው ምርጫ ወደ ታች መውረድ ነው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁለቱን ስትጀምሩ ፍሬን ላይ ቆማችሁ አትውረዱ፤ ትንሿ መኪና ፍሬኗ ይግላል፣ በዝቅተኛ ማርሽ ይያዙት። ደብረ ሲና ላይ ቆማችሁ ቆሎ ግዙ። ሻጮቹ ገና ሞተሩ ሳይጠፋ መስኮቱን ይከቡታል፤ አንዷ በእፍኝ ለቅምሻ ትሰጣለች፣ ሌላዋ «የእኔ ይበልጣል» ትላለች። ባለቤትዎ ቀምሳ ትምረጥ። ሮቢት ሞቃት ነው፣ ማታውን በአጭር እጅጌ ውጭ መቀመጥ ይቻላል፣ ማንጎና ፓፓያ አለ። ይሁንና የደሴ መንገድ መሀል ላይ ስለሆነ የጭነት መኪና ድምፅ አይጠፋም፤ ከመንገድ የራቀ ክፍል ካላገኙ እንቅልፍ የለም። የወባ አገርም ነው፤ አጎበር የሌለው አልጋ አይቀበሉ። የጸጥታ ማጣሪያው ለዚህም መንገድ ያው ነው።

ሁለቱም መንገድ ከተዘጋ ልጆቹን አያታቸው ጋ እንዳሉ ይተዉ። እዚያው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከሰፈራችሁ ራቅ ያለ፣ ማንም «እንዴት ዋላችሁ» የማይላችሁ አንድ ሆቴል ይያዙ። ቅዳሜ ከሰዓት ገብታችሁ እሑድ ከሰዓት ውጡ። አሥር ዓመት አብራችሁ ስትኖሩ በከተማችሁ ሆቴል አንድም ቀን ቁርስ አልበላችሁ ይሆናል። ለዚህ ጉዞ ያሰቡትን ገንዘብ ግማሹን እዚህ ያውሉት፤ ቀሪውን ከፋሲካ በኋላ ላለው ሚያዝያ ወይም ግንቦት ያስቀምጡት። ያኔ ውርጩ ያልፋል፣ ጾሙም ይፈታል፤ አንኮበር ዳገቷን ለእሷ ደረት ቀለል አድርጋ ትጠብቃችኋለች። በዚያ ጊዜ የበልግ ዝናብ ሊኖር ስለሚችል የዝናብ ልብስ ይጨምሩ።